ማሽኑን መርሳት ያስተማሩት እትዬ ባንቺ

እትዬ ባንቺአምላክ ጡረታ ወጥተው ወደ ቆጋ መስኖ ሽንኩርት ሊተክሉ እንደገቡ የሰማሁት ከኮሌጃችን ጥበቃ ከጋሽ ይበልጣል ነው። የክረምቱን እረፍት ጨርሼ ፍኖተ ሰላም ስመለስ አብረን የምንቀመጥበት ቢሮ ውስጥ የእሳቸው ወንበር ባዶ ነበር። ጠረጴዛቸውም ተወልውሏል። የእትዬ ባንቺን ጠረጴዛ ተወልውሎ አይቼ አላውቅምና ደንግጬ ወደ ግቢው በር ሮጥኩ።

«ጋሽ ይበልጣል፣ እትዬ ባንቺ ደህና ናቸው?»

«እሳቸውማ ምን ይሆናሉ። ወንድማቸው ጋ ገቡ። ቆጋ ላይ ውሃ የሚደርሰው መሬት አለው አሉ ወንድምየው። ሽንኩርት ነው የሚተክሉት።»

«ሳይሰናበቱ?»

«እኔን ተሰናብተውኛል» አሉኝ ጋሽ ይበልጣል ኮራ ብለው።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። እኛ ዘንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ይለብሳል፣ ንግግር ይደረግለታል፣ እንባው ሲመጣም ፎቶ ይነሳል። እሳቸው ይህን ሁሉ ሸሽተው፣ ተማሪም መምህርም የሌለበትን ወር መርጠው ውልቅ አሉ። ወዲያው ደወልኩላቸው። «መደብ እያስተካከልኩ ነው፣ ቆይተህ ደውል» ብለው ዘጉብኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ንዴቴም በዚያው ጠፋ።

እትዬ ባንቺን ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርጌ እንደምነግረው እንጃ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ ቀጭን ሰውነት የወጣ አይመስልም። ላብራቶሪው ውስጥ ቆመው «ማነው ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ የሄደው?» ካሉ፣ ጥፋተኛው ክበብ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ቢሆን እንኳ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይመጣል። የተወለዱት ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው። ብዙ ዘመን ሒሳብ አስተምረዋል። ኮምፒውተር ወደ ከተማችን ሲመጣ ሌላው ሰው የአቧራ መከላከያ ጨርቅ ሲያሰፋለት፣ እሳቸው ክዳኑን ፈተው ውስጡን ሲያዩ ተገኙ ይባላል። እኔ አዲስ መምህር ሆኜ ስመጣ ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬ ማን እንደሆነ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ኮድ ሊጽፉ ሲሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። የጃኬታቸው ኪስ ከሽምብራ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ኪቦርዳቸው ተገልብጦ ቢራገፍ ለአንድ ዶሮ ቁርስ የሚበቃ ገለባ ይወጣዋል። ተማሪ መጥታ «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» ካለቻቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «እምቢ አላለሽም። ያልሽውን አድርጓል። በይ አሁን ምን እንዳልሽው ንገሪኝ» ይሏታል። ምስጋናቸው ደግሞ አንዲት ቃል ናት፤ «ደግ» ይላሉ። ከዚያ በላይ አይጨምሩም። «ደግ» የተባለ ተማሪ ግን ያን ዕለት ምሳ አያምረውም።

ከሁሉ የሚያስቀው አሠራራቸው ነው። አንድ ኮድ አስቸግሮ ሁለት ሦስት ቀን ካንገላታቸው ከወንበራቸው ይነሱና «በእግር እንሂድበት» ይላሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ሰው አሰልፈው ግቢ ውስጥ ያሠሩታል ማለት ነው። አንዱን ተማሪ ቁጥር ያደርጉታል፣ ሌላውን ትእዛዝ ያደርጉታል፤ ራሳቸው መሐል ቆመው ያጨበጭባሉ። አንድ ቀን ተማሪዎችን በቁመት ደርድረው ቦታ ሲያቀያይሩ፣ ዲኑ ከመስኮቱ አይቶ ሰልፍ የወጣብን መስሎት ሰው ልኮ ነበር። «ሰልፍስ ሰልፍ ነው፤ ቁጥር እየደረደርን ነው በለው» ብለው መለሱት።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ።

ኮሌጃችን «አንባቢው» የምንለው አንድ ሣጥን ነበረው። ድሮ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ተብሎ በስጦታ የመጣ ነው። ጽሑፍ ከፍተህ ስትሰጠው ጮክ ብሎ በአማርኛ ያነብልሃል፤ ደግሞም አጥርቶ ነው የሚያነበው፣ ድምፁን ይጥላል ያነሳል፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ ይተነፍሳል። በዓመታት ውስጥ መምህራንና ተማሪዎች ሞጁሎቹን ሁሉ እየተየቡ ሃርድ ዲስኩ ላይ አስገብተውለታል። ችግሩ ሣጥኑ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ አጻጻፍ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር አይከፍታቸውም። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ በጉልበት መጣና ፕሮሰሰሩን፣ የሣጥኑን አንጎል፣ አቃጠለው። ሃርድ ዲስኩ ተረፈ፤ የሚያነበው አካል ግን ሞተ። ያ ዓይነት ፕሮሰሰር ደግሞ መሠራት ካቆመ ቆይቷል።

የዚህ ነገር ጉዳት ከሁሉ በላይ የደረሰው ትርንጎ ላይ ነው። ትርንጎ ከማንኩሳ አካባቢ የመጣች የመምህርነት ተማሪ ናት፤ ዓይኗ አያይም፤ ምላሷ ግን አይጣል ነው። ሞጁል የምታነብላት ጓደኛዋ ተመርቃ ሄዳለች። የእጅ ስልኳ ከመደወል የማያልፍ ነው። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ቀን በዱላዋ እየዳሰሰች ቢሯችን ገባችና የእትዬ ባንቺ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ አንባቢው አይድንም ወይ?»

«አንቺ፣ የሚያነብልሽ ሰው አጣሽ እንዴ? እኔ አነብልሽ የለም?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎም ያነቡልኛል፣ ሌላውም ያነብልኛል። አልከፋኝም። ግን እትዬ፣ እስከ ዛሬ ያነበብኩትን ሁሉ ከሌላ ሰው ጋር ነው ያነበብኩት። ድገሚልኝ ልል እፈልግና ድምጿን አዳምጣለሁ፤ ደክሟት ይሆን፣ ሰልችቷት ይሆን እላለሁ። አንባቢውን ካገኘሁ ወዲህ ነው ብቻዬን መጽሐፍ የያዝኩት። እሱም ሳልጠግበው ተቃጠለ።»

እትዬ ባንቺ ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አደረጉላት። እኔም ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ፤ ነገሩ ልቤን ነክቶት ነበር።

በዚያው ሳምንት የንብረት ክፍል ሰዎች የተበላሹ ዕቃዎችን ሊሰበስቡ ጋሪ እየገፉ መጡ። ሣጥኑንም ሊወስዱ ነው። እትዬ ባንቺ ሣጥኑን መሬት ላይ አወረዱትና ነጠላቸውን አስተካክለው ላዩ ላይ ቁጭ አሉበት።

«እትዬ፣ ይነሱልን እንጂ።»

«ወገቤን አሞኛል፣ የኔ ልጅ። ሲለቀኝ እነሳለሁ።»

ወገባቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቃቸውም።

ሰዎቹ እንደወጡ ወደኔ ዞሩና «ጌትነት፣ ኢሙሌተር እንጽፋለን» አሉ። ኢሙሌተር ማለት አንድን ማሽን ሌላ ማሽን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩ ቢሞትም እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲሰጠው ምን ያደርግ እንደነበር ከሣጥኑ ጋር በመጣው መመሪያ ተጽፏል። ያንን ሁሉ አንድ በአንድ በቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ብንጽፈው፣ የአንባቢው ፕሮግራም የድሮ ቤቱ ውስጥ ያለ መስሎት ይሠራል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። «ማን ይጽፈዋል?» አልኳቸው። «አንተና እኔ ነና። ሌላ ሰው ታያለህ እዚህ?» አሉኝ።

በጋውን ሙሉ ጻፍን። እሳቸው መመሪያውን እያነበቡ ዋና ዋናውን ይጽፋሉ፣ እኔ የድምፁንና የዲስኩን ክፍል እይዛለሁ። ትርንጎ ክፍል በሌላት ሰዓት ሁሉ ጥጉ ላይ ወንበር ይዛ ትቀመጣለች፤ ደረሰ ወይ ብላ ጠይቃ ግን አታውቅም። መጀመሪያ ዝም ብሎ ዝም ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያው ጭር ጭር አለና «ምዕ» ብሎ ቆመ። ሦስታችንም ተያየን ልበል፤ ትርንጎም ፊቷን ወደኛ አዙራለች።

«ምዕራፍ ሊል ነው» አለች። «እትዬ፣ ምዕራፍ ሊል ነበር እኮ!»

እትዬ ባንቺ እጃቸውን አጨብጭበው ተነሱና በቢሮው መሐል እስክስታ ወረዱ። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት በሁለት ጠረጴዛ መካከል ሲወርዱት አይቼ፣ በሩን ሄጄ ዘጋሁት፤ ዲኑ መጥቶ ደግሞ ሰልፍ ነው እንዳይል ብዬ።

«ምዕ» ላይ ያቆመው የሜሞሪ አድራሻ ነገር ነበር። ትርንጎ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ እትዬ ባንቺ እንዲህ አስረዷት።

«ከማንኩሳ ዕቃ ስትልኪልኝ ምን ብለሽ ነው የምትልኪው?»

«ለእትዬ ባንቺ ስጡልኝ እላለሁ።»

«ቤቴን ታውቂዋለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ዕቃውን የያዘው ሰው ጠይቆ ያገኘው የለም?»

«እሱ ነው። ፕሮግራሙም እንዳንቺ ነው። ይህን ከዚህ ቁጥር አምጡልኝ ይላል እንጂ ቁጥሩ እውነተኛው ቦታ አይደለም። የትኛው ቁጥር የት እንዳለ የተጻፈበት ማውጫ አለ። ፕሮሰሰሩ ማውጫውን ጠይቆ እውነተኛውን ቦታ ያገኛል። በየጊዜው መጠየቅ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በቅርብ የጠየቀውን በልቡ ይይዝና ያንን ሳይጠይቅ ይሄዳል።»

«ብልህ ነው» አለች ትርንጎ።

«ደግ» አሏት። ትርንጎ እስከ ማታ ስትፈነድቅ ዋለች።

የማውጫውን አነባበብ አስተካከልን፤ አንባቢውም አፉን ፈታ። የግብርና ሞጁል ከፈትንለት፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ድሮ እንደሚያነበው አጥርቶ አነበበው። ትርንጎ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ለፈተናዋ የሚያስፈልጋትን የሕፃናት አስተዳደግ ሞጁል ክፈቱልኝ አለች። ከፈትን። ጥቂት ገጽ ደህና ሄደና እንዲህ አለ፤

«ሕፃኑ መናገር ሲጀምር ወላጆቹ በፍቅር ቀርበው ሥሩን ከኮተኮቱ በኋላ ፍግ ያለብሱታል።»

ትርንጎ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እትዬ ባንቺ ብቻ አልሳቁም፤ ቆሎ አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። አንባቢው ቀጠለ፤ አንድ ገጽ ስለ ሕፃን ያነብና ሳናስበው ግማሽ ገጽ ስለ በቆሎ ያነባል። ሕፃኑ አረም ይነቀልለታል፣ በቆሎው ተረት ይነገረዋል። ቀድሞ የከፈትነው ሞጁል አሁን በከፈትነው ውስጥ እየገባ ነው።

ትርንጎ ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እትዬ፣ ይሄ እንኳ ሥሩን ስለሚል አወቅነው። ሁለቱም ስለ ልጅ የሚያወሩ ሞጁሎች ቢሆኑስ? ዓይን ያለው ሰው ገጹን ገልጦ ያያል። እኔ ያለኝ ድምፁ ብቻ ነው። እሱን ካላመንኩት ምን አለኝ?»

ያን ጊዜ እኔም ሳቄ ቆመ። ፈተናው እየቀረበ ነው፤ የሚዋሽ መጽሐፍ ደግሞ መጽሐፍ ከማጣት ይብሳል።

ስህተቱን ፍለጋ ገባን። ኮዱን ከላይ ወደ ታች አነበብነው፣ ከታች ወደ ላይ አነበብነው። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ ከሁሉ የሚያበግነው እሱ ነው። በመጨረሻ እትዬ ባንቺ ነጠላቸውን ፈቱና «በእግር እንሂድበት» አሉ።

ግቢው ውስጥ ካለው ትልቁ ዛፍ ሥር ወንበሮች አስደረደሩ። ወንበሮቹ ሜሞሪ ናቸው። ተማሪዎች እየተቀመጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ። ጋሽ ይበልጣልን ከበራቸው አንስተው መንገዱ መሐል አስቀመጧቸው፤ ማውጫው እሳቸው ሆኑ። ማን የት እንደተቀመጠ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፕሮሰሰሩ እኔ ነኝ። ከወዲያ ማዶ ተነስቼ የተባልኩትን ዓረፍተ ነገር አመጣለሁ። ቦታውን ካላወቅሁ ጋሽ ይበልጣልን እጠይቃለሁ፤ ከዚህ በፊት የጠየቅሁት ከሆነ ሳልጠይቅ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። መሐል ላይ እትዬ ባንቺ አንዳንዱን ተማሪ ከወንበር ወንበር ያዛውሩና ለጋሽ ይበልጣል ብቻ ይነግሯቸዋል።

ጀመርን። ሰላማዊት ወደምትባለው ልጅ ልሄድ ነው፤ ቦታዋን አውቀዋለሁ። በጋሽ ይበልጣል አጠገብ አለፍኩ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ይበልጣል።»

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ደህና ነህ? ወደ ማን ነህ?»

«ወደ ሰላማዊት።»

«እሷማ ከጥላው ወዲያ ተዛውራለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወደተባልኩት ሄድኩ። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ሆነ። ደግመን ሞከርን፤ ትክክል። ተማሪ ቀያየርን፣ አሁንም ትክክል። ጋሽ ይበልጣልም ጨዋታው ስለተመቻቸው የቤተሰቤን ደህንነት በየዙሩ ይጠይቁኝ ነበር። ፀሐዩ እስኪከር ሠራን፤ አንድም ስህተት አልወጣም። እትዬ ባንቺ ራሳቸውን ነቀነቁና «አሠራሩ ደህና ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው» አሉ። ሌላ ቦታ ፍለጋ የድምፁን ክፍል አፈረስኩት፣ የዲስኩንም ከመሠረቱ ጻፍኩት። በቆሎው ግን ከሕፃኑ ጋር መኖሩን ቀጠለ።

ፋሲካ አለፈ። ትርንጎ ሌላ ሰው እያስነበበች ማጥናት ጀምራለች፤ ወደ ቢሯችን መምጣቷን ግን አልተወችም። በዚህ መሐል እትዬ ባንቺ ቤት ቀየሩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው የኪራይ ቤት ወጥተው ኮሌጁ አጠገብ ተከራዩ። አንድ ቅዳሜ ወንድማቸው ከቆጋ ድንች ይልካል፣ መጥታችሁ ትበላላችሁ ብለው እኔንና ትርንጎን ጠሩን። ቁጭ ብለን ብንጠብቅ ድንቹ የለም። ወንድማቸው ጋ ሲደውሉ ድንቹን የጫነው ሚኒባስ ጠዋት ደርሷል አላቸው። ዕቃቸውን ዘወትር ከመናኸሪያ የሚያመጣላቸው አንማው የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው፤ እሱም ተደወለለት።

«እንዴ እትዬ፣ አድርሼው የለም? ቤትዎ በር ላይ ነው ያወረድኩት። አንዲት ልጅ ተቀበለችኝ።»

«የትኛው ቤቴ?»

አንማው «እመጣለሁ» ብሎ ዘጋ።

መጥቶ ወሰደን። አንማው መንገዱን ሁሉ ይቅርታ ሲል፣ እትዬ ባንቺ «ተው ልጄ፣ ድንች ነው» ሲሉት፣ ድሮ ቤታቸው ደረስን። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። አዲሶቹ ተከራዮች ከዱርቤቴ የመጡ አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ ከገቡ ገና ሳምንታቸው ነው። ሚስትየዋ ደስ ብሏት ወጥታ ተቀበለችን።

«ግቡ፣ ግቡ። እንዲህ ያለ አገር አይተን አናውቅም። ገና ማንንም ሳንተዋወቅ ጎረቤት አንድ ጆንያ ድንች ላከልን። ብቻችንን መብላት ነውር ነው ብለን ሰፈሩን ጠራን።»

አንማው አፉን ሲከፍት እትዬ ባንቺ በክርናቸው ጎሸሙት። «እንኳን ደህና መጣችሁ የኔ ልጆች። ትዳራችሁን ይባርከው» አሉና ገብተው ተቀመጡ። እኛም ተከትለን ገባን። የራሳቸውን ድንች በበርበሬ እየነከሩ፣ እግዜር ይስጥልን እያሉ፣ አመስግነው ሲበሉ ሳይ ሳቄን ለማፈን ትርንጎ ጀርባ ተደበቅሁ። ትርንጎ ደግሞ እሷ ራሷ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ትንሽ ቆይተው ወደ አንማው ጠጋ አሉና «አንተ፣ መናኸሪያው ያለ ሰው ሁሉ ቤት እንደቀየርኩ ያውቃል። አንዱን እንኳ አትጠይቅም?» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። ዝቅ ያለው ድምፃቸው ለግቢው ሁሉ ተሰማ።

«እትዬ፣ የእርስዎን ቤት ነው የምጠይቀው? ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበትን?»

እትዬ ባንቺ ድንቹን ወደ አፋቸው ሊወስዱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንማውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ያን ድምፃቸውን ለቀው፣ ከሆዳቸው ሳቁ። ሙሽሪት ደንግጣ «ምነው፣ ጨው በዛው?» አለች።

«ኧረ አልበዛም፣ የኔ ልጅ። እጅሽ ይባረክ» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «ጌትነት፣ አንማው አልጠየቀም። በልቡ ይዞኛል፤ እኔ ደግሞ ተዛውሬያለሁ። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማውጫው ያውቃል፣ እሱ አልጠየቀማ። አንተ ግን ጋሽ ይበልጣልን ሰላም ሳትል ማለፍ አቃተህ። ቦታውን የምታውቀውን ጭምር በሰላምታ ጠየቅሃቸው። ጨዋ ነህና ስህተቱን ደበቅህብን። ኢሙሌተራችን እኮ ሰላምታ አያውቅም፤ ዘሎ ነው የሚያልፈው።»

ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ በሚያየን ግቢ ውስጥ ቆሜ ራሴን ያዝኩ። እኛ ያደግንበት ጨዋነት ነው ለሳምንታት ያንከራተተን። ትርንጎ «ስለዚህ አንባቢው ብልጥ ሆኖ ነው የሚሳሳተው?» አለች። «ብልጥም አይደል፣ የለመደውን ሙጭጭ ብሎ ነው» አሉ እትዬ ባንቺ። ጆንያው ውስጥ ከቀረው ድንች ሙሽሮቹ በግድ ካልያዛችሁ ብለው ጥቂቱን ሰጡን፤ እሳቸውም ተግደርድረው ተቀበሉ።

ቤት አልሄድንም፤ ከዚያው ወደ ቢሮ ነው የሄድነው። እትዬ ባንቺ መመሪያውን ገለጡና አንዲት ትእዛዝ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ፕሮግራሙ ማውጫው ላይ የአንድ ነገር ቦታ ሲለውጥ፣ ለፕሮሰሰሩ በልብህ የያዝከውን ይህን እርሳ ብሎ የሚነግርባት ትእዛዝ ናት። በኛ ኢሙሌተር ውስጥ የእሷ ቦታ ባዶ ነበር፤ ትመጣለች፣ ምንም ሳይደረግ ታልፋለች።

«ናቅኋት» አሉ እየሳቁ። «ሳነባት ጊዜ፣ ያወቀን ደግሞ ማን እርሳ ይለዋል ብዬ ናቅኋት። አየህ የተማሪ ስም አልረሳም ብዬ ስኮራ ስለኖርኩ ነው።» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጥቂት መስመር ጻፉ። አስር መስመር አይሞላም። ጽፈው ሲጨርሱ ቆሎ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ።

ትርንጎ በኋላ ፈተናዋን አልፋ ዛሬ ማንኩሳ አቅራቢያ ታስተምራለች። እኔ ግን እትዬ ባንቺን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ፈተናው ሳይሆን ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። አንባቢውን ከፈትን። መጀመሪያ የግብርናውን አስነበብነው፣ ቀጥለን የሕፃናቱን ከፈትን። ሕፃኑ መናገር ጀመረ፤ ወላጆቹ በፍቅር ቀርበው አዋሩት። የኮተኮተው ሰው የለም። ገጽ አለፈ፣ ሌላ ገጽ አለፈ፣ ምዕራፉ አለቀ። ሌላ ሞጁል ከፈትን፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስን፣ አወሳሰብንበት፤ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ባንቺ ቆመው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። እኔ ወረቀት ላይ ከታተመው ጋር እያስተያየሁ እከተላለሁ።

ትርንጎ እጇን ዘርግታ አንባቢውን አቆመችው።

«እትዬ።»

«ወይ ልጄ።»

«አሁን ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ውጡልኝ።»

እኔ የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ «ገና እኮ እየፈተሽን ነው፣ ምናልባት…» ብዬ ስጀምር እትዬ ባንቺ እጅጌዬን ይዘው ጎተቱኝ። ከገዛ ቢሯችን ወጣን። በሩንም ትርንጎ ከውስጥ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ እንደተባረረ ተማሪ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ውስጥ ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ትንሽ ያነባል፣ ይቆማል። ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያንኑ ይደግማል፣ እንደገና ይደግማል። ማንም ደከመኝ አላላትም። ከዚያ ድምፁ ጸጥ አለና ትርንጎ ብቻዋን ስትስቅ ሰማን። ረጅም ሳቅ ነው የሳቀችው።

ጭንቀቴ ተነሳ። «በቆሎው ተመልሶ ይሆን? ልግባና ምን እንዳሳቃት ልጠይቃት?»

እትዬ ባንቺ እጅጌዬን አልለቀቁም። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ጥርሳቸው ደግሞ አልተከደነም።

«ተዋት» አሉኝ። «የራሷ ነው። ደግ፣ እኛ አንወቀው።»